ለምለም ሳትጠየቅ

በ2014 ዓ.ም. የሻሽወርቅ ካርቱም ውስጥ፣ አርካዊት ሰፈር በሚገኝ አንድ ትንሽ የሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምር ነበር። ሱዳን ከገባች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ልጆቹ ጠዋት ዐረብኛ ትምህርት ቤት ውለው፣ ከሰዓት በኋላ ደክሟቸውና ላብ አጥምቋቸው ወደ እሷ ይመጣሉ። ሃያ ሁለት ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲናገሩ ግን ግማሹ ዐረብኛ ነው። «ቲቸር፣ ባቡን ልዝጋው?» ይላሉ በሩን ለማለት። መጻፍማ ጭራሽ የማይታሰብ ነበር።

መማሪያ መጽሐፉም አላገዛትም። አንድ ቀን ስለ ውርጭ የሚያወራ ምንባብ ሲያነቡ፣ ሚኪያስ የሚባለው ልጅ «ውርጭ ምንድን ነው?» አለ። ውጭው አርባ ሦስት ዲግሪ ነው። የሻሽወርቅ ስለ ፍሪጅ በረዶ አስረድታ አስረድታ ተወችው።

በዚያው ቀን የሚኪያስ ስልክ ጮኸ። ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ የሚሠራው አባቱ የድምፅ መልእክት ልኮለታል። «ስማ፣ ስትመጣ ያቺን አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ከአልጋው ሥር ያዝልኝ፤ ብሎኑ አልላቀቅ ብሎኝ ነው» ይላል። የሻሽወርቅ ልትቆጣ አፏን ከከፈተች በኋላ ልጆቹን አየቻቸው። ሁሉም ገብቷቸዋል። እንዲያውም ሁለቱ ስለ ቁልፉ ቁጥር እየተከራከሩ ነው።

«እስቲ ድገመው» አለችው። «አሁን ሁላችሁም የሰማችሁትን ጻፉ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ያለ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ሥራው ሁለት ደቂቃ እንዲናገርለት ይጠይቃል፤ በስልክ ይቀዳል፤ ክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው እያቆሙና እየመለሱ ቃል በቃል ይጽፉታል። ከዚያ የሥራውን ስም ሳይናገሩ ለክፍሉ ያነባሉ፤ ሌሎቹ ምን ሥራ እንደሆነ ይገምታሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ከጻፉት በላይ ጻፉ። ደወል ሲደወል «ቆይ፣ አንዲት መስመር ቀርታኛለች» የሚል ልጅ የሻሽወርቅ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች።

ሜሮን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ካልጠየቋት የማትናገር። እሷ ያመጣችው ድምፅ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮ ነበር። እናቷ ለምለም እዚያው አርካዊት በአንድ ሱዳናዊት ቤት ምግብ ታበስላለች። በቪዲዮው ላይ በአሠሪዋ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ወጡ እንዳያርር ምን እንደምታደርግ ትናገራለች። መሐል ላይ ማንኪያውን ወደ ላይ አንስታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እመቤቲቱን መሰለች፦ «ለምለም! ስኳሩ የት ሄደ? ለምለም! ስኳሩ እግር አለው?» ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሜሮን ከፊታቸው ቆማ የጻፈችውን አንድ ገጽ ተኩል ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሳተችው።

የሻሽወርቅ ከትምህርት ቤት ወጥታ ሐፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ደስታዋ አላስችል አላትና ቪዲዮውን ወደ ወላጆች ግሩፕ ላከችው። «የሜሮን ሥራ ነው፤ ጎበዝ በሏት» ብላ ጻፈችበት። ግሩፑ ውስጥ ስድሳ ሰው አለ። ሐፍላው መጣና ተሳፍራ ሄደች።

በስምንተኛው ቀን ለምለም የክፍሉን በር ሳታንኳኳ ገባች። ሰላምታ የለም። ቀጥታ ሜሮን ጋ ሄዳ ክንዷን ያዘቻት።

«ኸላስ፣ አበቃ! ተነሺ! ከእንግዲህ ትምህርት የለም።»

«እማ፣ እኔ አልላክሁም።»

«ታዲያ ስልኩ ብቻውን ሄደ?»

«ወላሂ እማ፣ አልላክሁም!»

የሻሽወርቅ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ቪዲዮው ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዘዋወር መጀመሪያ የማን እጅ እንደነበር ጠፍቷል። ለምለም ግን ልጅቷን ወደ በሩ እየጎተተቻት ነው።

«እሷን ልቀቂያት፤ እኔ ነኝ የላክሁት» አለች።

ለምለም ዞረች። እስከዚያ ቀን ድረስ የሻሽወርቅን «እርስዎ» ነበር የምትላት።

«አንቺ?» አለቻት። «የመዳም ልጅ ቪዲዮውን ለእናቷ አሳየቻት። ስምንት ዓመት የሠራሁበትን ቤት በአንድ ጠዋት ውጪልኝ ተባልኩ። ኢቃማ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። የመኖሪያ ወረቀት አሳዪ ብሎ ፖሊስ ሲይዘኝ፣ ደውላ የምታስለቅቀኝ እሷ ነበረች። ነገ ፖሊሶች ከሻ ወጥተው ሐበሻ ሲያፍሱ ለማን ልደውል? ለአንቺ?»

ሜሮንን ለቀቀቻትና አንድ እርምጃ ወደ መምህርቷ ቀረበች።

«ስትልኪው ማንን ጠየቅሽ?»

«ማንንም።»

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አላሰብኩትም» አለች የሻሽወርቅ። «ደስ ብሎኝ ነበር፤ ላክሁት።»

ለምለም ልጇን ይዛ ወጣች።

የሻሽወርቅ ያን ሳምንት የሚቻለውን ሁሉ ሞከረች። ቪዲዮው የደረሳቸውን እያፈላለገች ከአርባ ለሚበልጡ ሰዎች ደውላ እንዲያጠፉት ለመነች። አብዛኞቹ አጠፉት፤ ግን ከማታውቃቸው ሰዎች ዘንድ ደርሶ ነበር፤ እነሱ ጋ የምትደውልበት ቁጥር የላትም። የለምለም አሠሪ ቤት ሄዳ በር ላይ ቆመች። ሴትዮዋ ወጥታ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ እንዲወጣ አልፈለገችም» አለቻት የሻሽወርቅ በዐረብኛ። «ማዕሌሽ» አለች ሴትዮዋ፣ አዝናለሁ ለማለት፤ በሩንም በቀስታ ዘጋችው።

እሑድ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ጸጋዬ መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው።

«ስልክ የሚባል ነገር ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ አይገባም» አሉ። «እርስዎም ወደ መጽሐፉ ይመለሱ።»

«ቅጣት ካለ እቀበላለሁ» አለች የሻሽወርቅ። «ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ምንም አላጠፉም። ስልክ ሁሉም ቤታቸው አላቸው። እዚህ ብንከለክላቸው ነገ እነሱም እኔ ያደረግሁትን ያደርጋሉ። የሰው ድምፅ ከመላክ በፊት ሰውዬው እንደሚጠየቅ እኔ በአርባ አራት ዓመቴ አላወቅሁትም። እነሱ በአሥራ ሁለት ይወቁት።»

«የእኔን ድምፅ ማንም እንዲቀዳው አልፈልግም» አለ አያሌው የሚባለው የአንዷ ተማሪ አባት።

«መብትዎ ነው። አይቀዳም።»

አቶ ጸጋዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምለም ራሷ ይሁን ካለች እንነጋገርበታለን። እሷ እንቢ ካለች ግን ሁለተኛ እንዳያነሱብኝ።»

ዓርብ ዕለት የሻሽወርቅ ለምለም ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሶባ ሄደች። ሐፍላው ሞልቶ ስለነበር መንገዱን በሙሉ ቆማ ነው የሄደችው። ለምለም በሩን ከፈተችላት እንጂ ግቢ አላለቻትም። ሜሮንን ከትምህርት ቤት ካወጣች ጀምሮ ከሻውን ፈርታ ከሰፈሯ አልወጣችም። ሜሮን ከውስጥ ሆና አንገቷን አወጣች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች የሻሽወርቅ። «ሌላም ጉዳይ አለኝ፤ መስማት ካልፈለግሽ ግን ይቅርታውን ጠይቄ እመለሳለሁ።»

ለምለም ከበሩ ፈቀቅ ብላ፣ «ፀሐይ ላይ አትቁሚ፤ ግቢ» አለች።

የሻሽወርቅ ከቦርሳዋ አንድ አሮጌ ስልክ አውጥታ መሬቱ ላይ አስቀመጠች። ሐሳቧን ተናገረች። ምስል አይኖርም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ተናጋሪው መጀመሪያ ይጠየቃል፤ ከተቀዳ በኋላም ራሱ ሰምቶ ካልወደደው አይወጣም።

ለምለም ስልኩን በጣቷ ገፋ አደረገችው። «እዚህ ውስጥ የገባ ነገር የት ይሄዳል?»

«የትም። ሲም ካርድ የለውም። ኢንተርኔትም አናገናኘውም። ሁልጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል።»

«ቁም ሳጥኑ ቢሰበርስ?»

የሻሽወርቅ ይህን አላሰበችበትም። ስልኩን አንስታ አየችው። ከዚያ፣ «ቢሰበር ድምፅሽም አብሮ ይወሰዳል» አለች። «ስለዚህ ስምሽም፣ የምትሠሪበት ቤትም፣ ሰፈርሽም አይጠራበት። ልጆቹ ጽፈው የጨረሱ ዕለት ደግሞ ይጥፋ። ለእኛ የሚያስፈልገን ጽሑፉ ነው።»

«ይጥፋ ነው ያልሽው?»

«አዎ። እኔ ፊት፣ ልጆቹ ፊት።»

ለምለም ወደ ልጇ ዞረች። «ሜሮን፣ ነይ ቅጂኝ።»

ሜሮን አልተነሣችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ነክታ አታውቅም። እናቷ ደግማ ስትጠራት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ቁልፉን ተጫነች።

ለምለም ስለ ወጥ አላወራችም። ከጎንደር ወጥታ በመተማ በኩል ስትሻገር፣ ሜሮንን በሆዷ ይዛ እንዴት እንደተጓዘች ተናገረች። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ስትደርስ አንዲት የማታውቃት ሱዳናዊት ጫማዋን አውልቃ እንደሰጠቻት፣ ጫማው ሰፊ ስለነበር ጨርቅ ጠቅጥቃበት እንደሄደች ተናገረች። ሜሮን ይህን ሰምታ አታውቅም። አፏን ከፍታ ታያታለች። የሻሽወርቅም ይህን ሁሉ ዓመት ስታስተምር እንዲህ ያለ አማርኛ ክፍሏ ውስጥ ሰምታ አታውቅም።

ለምለም ተናግራ ስትጨርስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሁሉንም ሰማችው።

«አጥፊው» አለች።

ሜሮን መምህርቷን አየች። የሻሽወርቅ ልቧ አልፈቀደም፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ልጆቹ ቢሰሙት ብላ ተመኘች። ለምለም ዓይኗን ሳትነቅል እየጠበቀቻት ነው።

«አጥፊው፤ የእሷ ነው» አለች የሻሽወርቅ።

ሜሮን አጠፋችው። ለምለም ስልኩን ተቀብላ ራሷ ከፍታ ፈተሸች። ባዶ ነው። ትንሽ ፈገግ አለች፤ የሻሽወርቅ ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ያላ» አለች፣ «አሁን ስለ ሽንኩርት ልንገራችሁ። እሱን ውሰዱት።»

ኮሚቴው በሁለት ድምፅ ብልጫ ፈቀደ። ሲም የሌላቸው ሦስት አሮጌ ስልኮች ተሰባሰቡ። ደንቡን ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ የመጀመሪያው መስመር «ሳትጠይቅ አትቅዳ፣ ሳታሰማው አታምጣ» ይላል። አያሌው ሐሳቡን አልቀየረም፤ ሴት ልጁ ልብስ ሰፊ ጎረቤቷን ጠይቃ ድምፁን አመጣች። ለምለም ከአምስት ሳምንት በኋላ ባሕሪ ለሚገኙ ሠራተኞች ምሳ የምታበስልበት ሥራ አገኘች። ራሷ ፈልጋ ነው ያገኘችው። ከበፊቱ ይርቃል፤ የተቃውሞ ሰልፍ ሲኖርና ወደዚያ የሚያሻግረው የዓባይ ድልድይ ሲዘጋ ደግሞ ጨርሶ አይደረስም። ሜሮንን ወደ ትምህርት ቤት መልሳታለች። የሻሽወርቅን ግን ዳግመኛ «እርስዎ» አላለቻትም፤ የሻሽወርቅም እንድትላት አልፈለገችም።

አንድ ማክሰኞ ሚልዮን የሚባለው ተማሪ ባዶ እጁን መጣ። የሚኖረው በቀን ሥራ ከሚተዳደር አጎቱ ጋር ነው።

«አጎቴ እንቢ አለኝ፣ ቲቸር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ለምን እንደሆነ ነገረህ?»

«ነገረኝ።»

«እሱን እንድትጽፈው ይፈቅድልሃል?»

«አላውቅም።»

«ጠይቀው።»

በማግስቱ ልጁ ክፍሉ ሳይሞላ ነው የደረሰው። አጎቱ ስሙ ካልተጠራ ይጻፍ ብሏል። ሚልዮን ሰባት መስመር ጽፎ ነበር፤ ተነሥቶ አነበበ። «አጎቴ ድምፁን አልሰጠኝም። እናቱ ሀገር ቤት አለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ አልደወለላትም። የሚነግራት ጥሩ ነገር ሲያገኝ ሊደውል ነው። ‹እናቴ ሳትሰማው ሌላ ሰው ድምፄን እንዲሰማ አልፈልግም› አለኝ።»

የሻሽወርቅ ደብተሩን ተቀብላ ከአሥር አሥር ሰጠችው። ከዚያ ሚኪያስ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ለአጎቱ መልስ እንጻፍለት?» አለ።

«መጀመሪያ ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ» አለች ሜሮን ከኋላ።

ሚልዮን ደብተሩን ይዞ ቦታው ተቀመጠና፣ በገጹ ግርጌ ላይ ዛሬ ማታ አጎቱን የሚጠይቀውን ጥያቄ መጻፍ ጀመረ።