ጋሼ መኩሪያን ያስወጣች ልጅ

እናንተዬ፣ በልጅ መኩራት ኃጢአት ከሆነ አባቶች ይፍቱኝ፣ ዛሬ ግን ልኮራ ነው። ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ልጄ ሮሆቦት እዚህ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን መንግሥት አጀማመር ነው የምታጠናው። እኔ ሃያ ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ ያሳደግኳት ልጅ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎች ደብዳቤ ስታነብ ትውላለች። «በሕይወት ያለ ሰው ጠፍቶ ነው?» እላታለሁ። ትስቃለች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ነበረን። እስካሁን የምንገለገለው ከኖርዌጂያኖች በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ ሲጨርሱ እኛ እንገባለን። ሰበካ ጉባኤውን የሚመሩልን ጋሼ መኩሪያ ዞረው ዞረው አልናብሩ በሚባለው ሰፈር፣ መጋዘኖቹ መሃል፣ የኛ ብቻ የሚሆን አዳራሽ አገኙ። ጥሩ ነው፣ ሰፊ ነው። ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሃያ ስምንት ደረጃ! ወጥቼ ቆጥሬዋለሁ።

እትዬ አሰገደች ደግሞ ጉልበታቸው ካለቀ ቆይቷል፣ በሩላቶር ነው የሚሄዱት፣ በዚያ በሚገፋው ባለጎማ መደገፊያ። እዚህ አገር አራስ ሳለሁ ገንፎ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። «እኔን ተዉኝ፣ በስልክ አስቀድሳለሁ» አሉኝ። በስልክ ይቆረባል እንዴ?

በር ላይ ሁሉም «ይሄማ አይሆንም» ይል ነበር። ውስጥ ገብተን ጋሼ መኩሪያ «እንግዲህ ምን ትላላችሁ?» ሲሉ ግን ጸጥ። ሰውየው ባለውለታችን ናቸው። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ አስተርጓሚ ሆነው የቆሙልን፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው። ማን ፊታቸው እምቢ ይበል? «እግዚአብሔር ይስጥልን» አልን። እኔም አልኩ፣ ይቅር ይበለኝ።

ይሄኔ ሮሆቦት ተነሳች። ነጠላዋን ብጎትት አልቀመጥ አለች።

«ጋሼ፣ አንድ ታሪክ ልንገርዎት?»

«የአሜሪካኖችሽን?» ሰው ሳቀ።

«አዎ፣ የነሱን። የመጀመሪያው ፕሬዝዳንታቸው ጦር የመራ፣ አገር ምድሩ የሚያከብረው ሰው ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን ውል ስትዋዋል ሴኔቱን አማክር፣ ፈቃዱንም አግኝ ይለዋል። ስለዚህ ራሱ ሄዶ መሃላቸው ተቀመጠ። የውሉ ወረቀት ተነበበ። ምን ትላላችሁ ተባሉ።»

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«ዝም አሉ። እንደኛ።»

አሁን የሳቀ የለም።

«አንዱ ሴናተር በኋላ በማስታወሻው፣ ፕሬዝዳንቱ እዚያ ቁጭ ብሎ እያለ ፈሪው ሰው ሐሳቡን ሊያወጣ አይችልም ብሎ ጽፏል። በመጨረሻ ወረቀቱን ለብቻችን እንየው አሉት። በጣም ተናደደ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣና ጉዳዩን ጨረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እንደዚያ ምክር ሊጠይቅ ሄዶ አያውቅም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ጋሼ፣ ስለምናከብርዎት ነው ፊትዎ እውነቱን መናገር ያቃተን። እስቲ ለትንሽ ጊዜ ወጣ ይበሉልን።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ከኋላዬ አንዷ «ይቺን ልጅ ኖርዌይ አበላሸቻት» አለች። ጋሼ መኩሪያ አዩዋት፣ አዩዋት፣ ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያማ ማን ይቻለን! ደረጃው፣ በረዶው፣ የሕፃናቱ ጋሪ፣ ያልተወራ የለም። እትዬ አሰገደች ራሳቸው ሩላቶራቸውን ተደግፈው ተነሥተው «እውነቱን ልናገር፣ ከቤተ ክርስቲያን መቅረት አልፈልግም» አሉ። ስንት ሰው አለቀሰ። እጅ ሲወጣ ከአርባ ሰባታችን አርባ አንዳችን አልናብሩ ይቅርብን አልን።

ጋሼ መኩሪያ ትዝ ያሉን ያኔ ነው። በጥር ብርድ አንድ ሰዓት ሙሉ! ሮጬ ብወጣ አካፋ ይዘው የደጁን በረዶ ይዝቃሉ።

«ውይ ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ቆሜ ልድረቅ? ተሸነፍኩ አይደል?»

«ተሸነፉ።»

«በስንት?»

ነገርኳቸው።

«ስድስት ሰው አለኝ በያ!» ብለው ሳቁ። ገብተው ሮሆቦት ፊት ቆሙ።

«ሰውየሽ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም ነው ያልሽው?»

«አልተመለሰም፣ ጋሼ።»

«እኔ ግን ተመልሻለሁ» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «በሉ ሌላ ቤት እንፈልግ። ከዛሬ ጀምሮ እጅ ሲወጣ እኔ ውጪ ነኝ። ብቻ አትርሱኝ።»

እልልታውን እኔ ነኝ የጀመርኩት። እትዬ አሰገደች ልጄን ጉንጯን ይዘው «አሳዳጊሽ ይባረክ» አሏት። አሳዳጊዋ እኔ ነኝ። እኔ ፈርቼ የዋጥኩትን እሷ በጨዋ ደንብ ተናገረችው፣ እኚያ ትልቅ ሰውም በጨዋ ደንብ ሰሟት። በሁለቱም ኮራሁ።

እንግዲህ እየፈለግን ነው። ስቶቭነር ሰፈርም ይሁን ሃውገሩድ፣ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ደረጃ የሌለው አዳራሽ ካያችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።