የጓሮው ክፍል አበልጆች

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ከበሩ በኩል ያላችሁም ግቡ፤ የዛሬው ነፋስ ክፉ ነው። ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉና ቁጭ በሉ፣ የሞላሌዋን የጥሩሸዋን ነገር ላጫውታችሁ። የሚያስቅም አለበት፤ የሚበዛው ግን የሚያስቅ አይደለም፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ጥሩሸዋ ባሏ ካረፈ ወዲህ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ናት። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ማታ ማታ ግማሹን በጎቹ ይይዙታል፣ ግማሹን እሷ። ከጓሮ ግን ባሏ ሳይሞት ያቆመው፣ የራሱ በር ያለው ሌላ ክፍል አላት። እሱን ይታየው ለሚባል የመብራት መስመር ሠራተኛ አከራይታዋለች። ይታየው አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ሰው አያበዛም። ጥሩሸዋ "ተከራይ ፈልጌ እግዜር መነኩሴ ሰጠኝ" እያለች ትስቅ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ ለእኅቷ ባል ተዝካር ቀየት ከተማ ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ ጓሮዋ ላይ የሴት ቀሚስ ታጥቦ ተሰጥቶ አየች። "መነኩሴው አገባ እንዴ?" አለች ለራሷ። በሩን ብታንኳኳ የከፈተላት ይታየው ሳይሆን አይታው የማታውቀው ጎልማሳ ነው። ከኋላው አንዲት ልጅ እግር ሴት ቆማለች፣ ሆዷ ገፍቷል።

"ማን ልበል?" አለች ጥሩሸዋ።

"ወዳጆ እባላለሁ እማማ። ይቺ ባለቤቴ ማርያማዊት ናት። ይታየው ነው ያስገባን። እሱ ራቤል ከተማ ሥራ ወጥቶለት ሄደ።"

"ቤቱ የይታየው ነው?"

"ኧረ የርስዎ ነው! እኛ ምን አልን?"

"እንግዲያስ እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ወዳጆ መሬት መሬቱን አየና "እርስዎማ አልነበሩም" አለ።

ይታየው ጋ ደወለች። "እናቴ፣ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ነው። ኪራዩን እንደሆን እኔ እልካለሁ፣ ምን ይጎድልብዎታል?" አላት። "መቼ ጎደለብኝ፣ ተጨመረብኝ እንጂ!" ስትል ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አይነሳም።

ጥሩሸዋ ያን ዕለት ቁርጡን መናገር ነበረባት። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ግን የማርያማዊትን ሆድ አየችና "እስቲ ለጊዜው" ብላ ገባች።

ብዙም አልቆየ፣ ልጇ ጽናት ከደብረ ብርሃን ደወለች። ጽናት እዚያ ነው ያገባችው፤ ባሏ በኃይሉ ሲጠጣ እጁን የሚያነሳባት ሰው ነው። እናት ይኼን ታውቃለች፣ ማወቋንም ልጅቷ ታውቃለች፣ ሁለቱም ግን አያወሩትም ነበር። የዚያን ቀን ጽናት አወራችው።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ አልችልም። የጓሮውን ክፍል ስጪኝ። የስፌት መኪናዬን ይዤ ልምጣ።"

"ነይ ልጄ፣ እኔው ጋ ትተኛለሽ።"

"አንቺ ጋ ከተኛሁማ ሽማግሌ ልኮ ይመልሰኛል። ከእናቷ ጓዳ የገባች ሴት ተኳረፈች እንጂ ተለያየች አትባልም፣ አገራችንን ታውቂው የለ። የራሴ በር ካለኝ፣ የራሴን ሥራ ከያዝኩ ግን ማን መጥቶ ምን ይለኛል?"

"ነይ" አለች እናት። "አስለቅቄ እጠብቅሻለሁ።"

ለጎረቤቷ ለአማከለች ብትነግራት ፍርዱን እዚያው ሰጠች። "ሁለት ጎረምሳ ጥሪና ቆርቆሮውን ከላያቸው አንሺው። የቀረውን ውርጩ ይጨርሰዋል።"

ጥሩሸዋ አልዋሽም፣ ቀና ብላ ጣራውን አየችው። ልቧ ከጀለ። ደግሞ እርጉዟ ትዝ አለቻትና ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቀበሌ ሄደች። እዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ እስክትጨርስ ሰማት።

"ይታየው ሌላ ሰው እንዳያስገባ ተባብላችኋል?"

"ለሱ ነው የሰጠሁት! ይኼም መባል ነበረበት?"

"መባል ነበረበት እማማ። ቢሆንም ቤቱ የርስዎ ነው። መጀመሪያ ለይታየውም፣ ለነሱም በሰው ፊት 'ልቀቁ' ይበሏቸው፣ ቀንም ይቁረጡላቸው። እምቢ ካሉ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይክሰሱ። ብቻ በር እንዳይነቅሉ፣ ዕቃ እንዳይጥሉ፤ ያን ጊዜ ተከሳሿ እርስዎ ይሆናሉ።"

እንዳላት አደረገች። ሽማግሎች ይዛ ጓሮ ቆማ ነገረቻቸው። ወዳጆ "እሺ" አለ፣ ቀኑ ሲደርስ ግን "ቤት አጣን" አለ። ይታየውም በስልክ "ተነጋገሩ" ከማለት አላለፈም። ስለዚህ ከሰሰች፣ ቀጠሮም ተሰጣት። እስከዚህ ድረስ ነገሩ በመንገዱ ይሄድ ነበር።

ቀጠሮው ሳይደርስ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ወዳጆ ገብስ አጨዳ ውሎ ሳለ፣ ከጓሮ የጣር ድምፅ ተሰማ። ጥሩሸዋ እጇ ላይ የነበረውን ጥላ ሮጠች። አማከለችም ደረሰች። ጤና ጣቢያ የሚወስዳት ባጃጅ ሲፈለግ ሕፃኗ ቀደመቻቸው፤ ጥሩሸዋ ናት በነጠላዋ የተቀበለቻት። እልል አሉ። ገንፎው ተገንፍቶ ቅቤው መሐሉ ላይ ቀለጠ። ያኔ ማርያማዊት የጥሩሸዋን እጅ ያዘችና "እናት የለኝም እማማ። ክርስትና እርስዎ ያንሱልኝ" አለቻት።

ጥሩሸዋ ሕፃኗን እንደታቀፈች "አነሳለሁ፣ ምን ገዶኝ" አለች።

አማከለች የጎረሰችውን ገንፎ ሳትውጥ ቀረች። ደጅ እንደወጡ ክንዷን ይዛ "አንቺ ሴት! አበልጅሽን ችሎት ልታቆሚ ነው?" አለቻት።

"ከአፌ አመለጠኝ" አለች ጥሩሸዋ። ፊቷ አመድ መስሏል።

በኛ አገር አበልጅ አይካሰስም፤ ከሥጋ ዘመድ የሚከበርበትም ጊዜ አለ። ጥሩሸዋም ፍርድ ቤት ቀርባ "እስከ ክርስትናው ይቆየኝ" አለች። ወዳጆም ከዚያ ወዲያ ቤት መፈለጉን ተወ። በጓሮው ጎመን ተከለ። ሲያገኛት "አበልጄ፣ ይኼ በር ነፋስ ያስገባል፣ ብናሳድሰው ምን ይመስልዎታል?" ይላት ጀመር። አማከለች ከአጥር ማዶ ሆና "ለአበልጅሽ የቤቱን ካርታ መቼ ነው የምታዞሪለት?" እያለች ታበሽቃታለች።

ጽናት በዚህ መሐል መጣች። እናቷ "ቆዪ" ልትላት ብትደውል ስልኳን ባሏ ወስዶት ኖሯል። ከአውቶቡሱ ጣራ የስፌት መኪናዋን አስወርዳ፣ በሰው አሸክማ፣ ቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቷል።

"እማዬ፣ ሰው አለ እንዴ?"

"አራስ ናት ልጄ። እስከ ክርስትናው ብቻ ነው። እኔው ነኝ የማነሳላት።"

ጽናት የተሰጣውን ጨርቅ እያየች "ለሷ ቦታ ተገኘላት" አለች። በቁጣ አልነበረም፤ በቁጣ ብትለው ይሻል ነበር።

የስፌት መኪናዋ በበጎቹ መከለያ ጥግ ተቀመጠች። ሳምንት ሳይሞላ እንደፈራችው የበኃይሉ ሽማግሎች መጡ። ከመደቡ ተደርድረው "እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነው እንጂ ምን ጠብ አለ? እንኳን ባልና ሚስት ወንድማማችም ይጋጫል" አሉ። ጥሩሸዋ "ልጄ ተጎድታለች" ብትል "ይክሳል፣ ዋስ ጠርቷል" አሏት። ጽናት አንድ ጊዜ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየች። ከዚያ ተነስታ ሻሿን አሰረችና ከሽማግሎቹ ጋር ወደ ባሏ ተመለሰች።

እናት ያን ሰሞን እህል አልወረደላትም። በኋላ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ተክለጻድቅ ሄደች። "አባቴ፣ አበልጄን ከቤቴ ባስወጣ ኃጢአት ይሆንብኛል?"

አባ ጢማቸውን ይዘው አዩዋት። "ክርስትና የምታነሺው ልጅቷን በሃይማኖት ልታሳድጊ ነው። የምትጠመቀው ልጅቷ ናት፣ ክፍሉ አይጠመቅም። ምነው ዘገየሽ? ሽማግሌ ሳይመጣ ብትጠይቂኝ ይኼንኑ እነግርሽ ነበር።"

ጥሩሸዋ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ አለቀሰች።

የክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጥሩሸዋ የክርስትና ልጇን እንደታቀፈች፣ በሰው ፊት፣ ያን በመጀመሪያው ቀን የዋጠችውን ተናገረች። "ልጄ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ደጄም ክፍት ነው። ቤቱን ግን ልቀቁልኝ።"

"አበልጅ አበልጁን?" አለ ወዳጆ።

"ወዳጆ፣ ዝም በል!" አለች ማርያማዊት። "ልጃቸው ስትሄድ እኔ በበሩ ቀዳዳ እያየኋት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

ቤት በማግስቱ ተገኘ፤ ለካ ሲፈለግ አይጠፋም። ጥሩሸዋ ራሷ ዕቃ አገዘቻቸው። ለይታየውም ውላቸው ማብቃቱን በምስክር ፊት በስልክ ነገረችው። ወለሉን ለቀለቀች፣ ዝተት አነጠፈች፣ ደብረ ብርሃን ወረደች።

ጽናት በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። ነጠላዋ ግራ ዓይኗን ሸፍኖታል።

"ሰዎቹ ወጡ?"

"ወጡ ልጄ። ክፍሉ ያንቺ ነው። አሁኑኑ ነይ፣ ዕቃም አትያዢ።"

ጽናት ወደ ውስጥ ዞር ብላ አዳመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያኔ ወኔ ነበረኝ እማዬ። ስንት ጊዜ ለብቻዬ ተለማምጄ ነው የመጣሁት። አሁን የለኝም። እስቲ ይቆየኝ።"

"እስከ መቼ?"

"እንጃ" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ክፍሉ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሊከራይ ለሚመጣ ሁሉ ጥሩሸዋ "ባለቤት አለው" ትላለች፤ በየጊዜውም ደብረ ብርሃን እየወረደች ያንኑ በር ታንኳኳለች።

እናንተም ቤታችሁ ገብታችሁ ለጸሎት ስትቆሙ ጽናትን አስቡልኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። አደራ፣ እንዳትረሱት።