ቀዩ ወይንና የሄቨን ቤት

ይህን ነገር ለሰው ባወራሁ ቁጥር ሰው ይስቃል። እኔን ግን ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። እንግዲህ ከሥሩ ልናገረው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ፣ አስፋልቱን ለቀቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ድሮ በርበሬና ዳጉሳ የምናውቀው ቀይ አፈር ዛሬ በረድፍ በረድፍ ወይን ተተክሎበታል። የወይን እርሻው ድንበርተኛ እኛ ነን። በድንበሩ ላይ አንድ ረድፍ ባህር ዛፍ ነበረኝ። ነበረን አላልኩም፤ ነበረኝ ነው ያልኩት። ልጄ ሄቨን ዩኒቨርሲቲ በገባች ክረምት ችግኙን የተከልኩት እኔ ነኝ። በበጋ ከወንዝ ውሃ ተሸክሜ ያጠጣሁትም እኔው ነኝ። ባሌ ላቀው ያኔ፣ «ባህር ዛፍ የሰውን ውሃ ይጠጣል እንጂ ማን ውሃ ያጠጣዋል?» እያለ ሲያላግጥብኝ ነበር።

ያ ዛፍ የሄቨን ቤት ነበር። ሄቨን ዛሬ ቡሬ ታስተምራለች። የቤት መሥሪያ ቦታ ደርሷታል። እሷና ባሏ ሕፃን ይዘው በአንዲት ክፍል ኪራይ ታጭቀዋል። ቆርቆሮውን እነሱ፣ ቋሚውንና ማገሩን እኔ ልችል ተስማምተን ነበር። ሁለት ክረምት ብቻ ይቀረው ነበር። ግንዱን በእጄ እያቀፍኩ እለካው ነበር፤ ጣቶቼ ገና ይገናኙ ነበርና ታገሺ እላት ነበር።

የመጀመሪያው ወይን በደረሰ ጊዜ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ናሁሰናይ ጎረቤቱን ሁሉ ድንኳን ውስጥ ጠራን። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ትሁት፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን የሚሰብር ወጣት ነው። መጀመሪያ ነጩ ተቀዳ። ቀምሰን አመሰገንን። ቀጥሎ ቀዩ ተቀዳ። አንዱ ሽማግሌ አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ይኼስ የጉንፋን መድኃኒት ነው» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ናሁሰናይ ግን አልሳቀም።

«ትክክል ነዎት አባቴ» አላቸው። «ባህር ዛፍ ይሸታል። ነጩ ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ነው የሚቦካው። ቀዩ ግን ከነልጣጩ ነው የሚቦካ። ልጣጩ ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ ወይኑ ውስጥ ይገባል። ከአጠገባችን ያለው ባህር ዛፍ በነፋስ እያመጣብን ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እዚያው «ዛፌን እንዳትነኩ» ብል ኖሮ ይሻል ነበር።

ላቀው የወይን እርሻው ጥበቃ ነው። ካኪ ካፖርት ሰጥተውታል፤ ሲለብሰው ቁመቱ ይጨምራል። እግዜር ይይለትና ላቀው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ነው። ከፋሲካ በኋላ እኔ ለአክስቴ ተዝካር ገበዝ ማርያም ሄጄ ሰነበትኩ። ስመለስ ድንበሩ ላይ ሰማዩ ወለል ብሎ ታየኝ። ዛፌ የለም። ተደርድሮ የቀረው ጉቶ ብቻ ነው፤ እሱም ገና ያለቅሳል።

«ሰዎቹ ተቸገሩ» አለኝ ላቀው። «እንጀራችን ነው፤ እንዴት እምቢ እላለሁ? ለቤት ቋሚም ገና ቀጭን ነበር።»

ለቤት ቋሚ ቀጭን የሆነው ለወይን ድጋፍ ልክ ነበር። እንጨቶቼን በልክ በልክ ቆርጠው በየረድፉ ተከሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከደጄ በወጣሁ ቁጥር የሄቨን ቤት ቆሞ የሰው ወይን ተሸክሞ አየዋለሁ። በገዛ ዳቦዬ ልብልቡን አጣሁት ማለት ይኸው ነው።

ተናደድኩ፤ ንዴቴንም አልደበቅሁም። ናሁሰናይ በመንገድ ሲያገኘኝ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ እልፍነሽ?» ይላል፤ እኔ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በገበያ፣ በሰው ለቅሶ ላይ ሳይቀር ረገምኳቸው። ወደ ወይኑ ግቢ እግሬን አላነሳሁም። በሁለተኛው ዓመት ለቀማ መንደሩ በሙሉ ሲሰማራ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ተልባ ለቀምኩ።

ሁለተኛውም ቀይ ወይን ሸተተ። በዚያው በጉንፋን መድኃኒት! ስሰማ ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ባህር ዛፍ ቢቆርጡት አይሞትም፤ ጉቶው ዙሪያውን አቆጥቁጦ ነበር። ናሁሰናይ፣ «ያቆጠቆጠው ለጋ ቅጠል ይብሳል፤ ጉቶው ከነሥሩ ይነቀል» አለ። ላቀውም እሺ ብሎ መጣ። የሚነቀለውም የሦስተኛው ለቀማ በተጀመረ ሳምንት፣ በሚካኤል ማግስት እንዲሆን ተቆረጠ። እኔ ደግሞ ከየጉቶው አንዳንድ ቀጥ ያለ መርጬ ላሳድግ፣ ሄቨንንም እንደገና ታገሺ ልላት አስቤ ነበር።

ይባስ ብሎ የሚነቀልበት ቀን ሳይደርስ ቡቃያዬን ማጭድ ይበላው ጀመር። ዛሬ ከአንዱ ጉቶ፣ ነገ ከሌላው፣ ለጋ ለጋው እየተመረጠ ይታጨዳል። የእርሻው ሰዎች ናቸው አልኩ። እስከ ቀኑ እንኳ አልታገሡኝም አልኩ። በሚካኤል ማግስት ጎህ ሳይቀድ ዱላዬን ይዤ ከጉቶዎቹ መሀል ቁጭ አልኩ። የመጣውን እግሩን ሰብሬ ለሽማግሌ ልሰጥ ቆርጫለሁ።

አንድ ሰው መጣ። ጎንበስ ብሎ ጎመን እንደሚቀነጥስ ሰው ለጋውን በእርጋታ ማጨድ ጀመረ። ካኪ ካፖርት ለብሷል።

«አንተ ሰውዬ!»

ላቀው ደንግጦ ማጭዱን ጣለው። «እልፌ! በዚህ ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሌባ እጠብቃለሁ። ተገኘ።»

«ኧረ የምን ሌባ! ለቀዩ ነው እኮ።»

«ለምኑ ቀይ?»

«ለወይኑ ነዋ። ነጩን በማለዳ በብርዱ ለቅመው ወዲያው ይጭኑታል። ቀዩ ግን ተለቅሞ ትራክተሩ እስኪመለስ ፀሐይ ላይ ይውላል። እንዲያ ሲግል እያየሁ አንጀቴ አልችል አለ። ቅጠል አለብሰዋለሁ። አንቺስ ቅቤ ገበያ ስትወስጂ ቅጠል አይደል የምታለብሺው?»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝ፤ ራሴው ነኝ» አለ፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«መቼ ጀመርክ?»

«ከመጀመሪያው ለቀማ ጀምሮ ነው እንጂ!»

ዱላው በእጄ ከበደኝ። ናሁሰናይ በድንኳኑ ውስጥ የተናገረው ሁሉ ትዝ አለኝ። ነፋስ አይደለም! ቅጠሉን በነፋስ ሳይሆን በእቅፉ ተሸክሞ ወይኑ ላይ የሚያስተኛው የእኔው ባል ነው። ዛፌን ያስቆረጠው ቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉን የወሰደው ላቀው ነው፤ ይቆረጥ ያለውም ላቀው ነው። ይኸው ሰው ደግሞ ፊት ለፊቴ ቆሞ እንዳመሰግነው ይጠብቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ሰው ስረግም ኖሬያለሁ። ያን የረገምኩትን ሁሉ ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ።

ያጨደውን ሸክም አንስቼ ወደ ወይኑ ግቢ ገባሁ። ጉቶውን ሊነቅሉ ዶማ የያዙ ሰዎች ሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል። ናሁሰናይም አለ። ከትናንት የተረፉ የቀይ ወይን ሳጥኖች ቅጠላቸውን እንደለበሱ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። አንዱን ከፍቼ ዘለላ አነሳሁና አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

«አሽትት!» አልኩት። ያን ቀን አንቱታው ቀረ።

አሸተተ። ሳጥኑን አየ፣ ቅጠሉን አየ፣ እንደገና አሸተተ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን ቅጠል ማነው እዚህ ያደረገው?»

የላቀው ስም ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ዘወር ስል ከኋላዬ ቆሟል፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ነገሩ ገና አሁን ገብቶታል። ካፖርቱ ሰፍቶት፣ ሽማግሌ ሆኖ ታየኝ። እንጀራው ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያለበስኩት።»

«እሷ አይደለችም» አለ ላቀው። «ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ ይህን ግቢ ረግጣው አታውቅም። እኔ ነኝ ጌታዬ። ፀሐይ እንዳያበስለው ብዬ ነው።»

ናሁሰናይ ራሱን ያዘ። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አልኩት። «ሳጥኑ ሚዛንህ ዘንድ የሚደርሰው ቅጠሉን ለብሶ አይደለም ወይ? ከመመዘኑ በፊት ቅጠሉን እያነሳ የሚጥለው የማን ሠራተኛ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ የተጣለው ክምር እዚያው በርህ ላይ ደርቋል። ለምን ዛፌን ከማስቆረጥህ በፊት ዓይንህን ወደ መሬት አላደረግህም?»

ዶማ የያዙትን ሰዎች በእጁ አሰናበታቸው። ከዚያ አንገቱን ሰብሮ፣ «እንጨቶቹን ይውሰዱ፤ ሌላ ድጋፍ እናመጣለን» አለኝ።

እዚያው ረድፉ ዳር ሄጄ አንዱን እንጨት በሁለት እጄ ይዤ ነቀነቅሁት። ገና ሳልስበው ከአፈሩ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከሥር ምስጥ ጨርሶታል። ሁለተኛውም እንዲሁ። እንጨቶቹን ያቆማቸው ወይኑ ነበር እንጂ ወይኑን ያቆሙት እነሱ አልነበሩም። የሰበርኩትን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነም። ማንም አልተባረረም፤ ማንም አልታሰረም። ላቀውም ካፖርቱን እንደለበሰ አለ። ቀዩ ዛሬ በጆንያ ነው የሚሸፈን። ይኸው ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ ደግሞ ይኸው ነው፤ በጆንያ ያልቅ የነበረ ነገር!

በሳምንቱ ናሁሰናይ ከሚሸተው ቀይ አንድ ጠርሙስና ይቅርታ የሚል ቃል በሰው ላከብኝ። እሑድ ሄቨን ልጇን አዝላ ከቡሬ መጣች። ኪራዩ መጨመሩን፣ ጣራው ማፍሰሱን ነገረችን። ላቀው መሬት መሬት ያያል። እኔ ተነስቼ ጠርሙሱን ከፈትሁና ለሄቨን ብርጭቆ ሞልቼ ቀዳሁላት።

«ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ቤትሽ ነው» አልኳት። «ጠጪው።»

ቀምሳ ፊቷን አጨፈገገች። ከዚያ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቋንም ዋጠችው። ላቀው ብርጭቆውን አልዘረጋም። እኔም አልቀዳሁለትም።