አሥራ ሦስት ኬሻ ወደ ፊት

ስሜ ገዛኸኝ ነው። ከደሎ መና ቡና በመኪና መጫን ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ጭነት ላስተምርህ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። በሐረና ጫካ ጠመዝማዛ መንገድ መሪው እንዳይከብደን እኛ የመስመሩ ሾፌሮች ጭነቱን ወደ ኋላ እንቆልላለን፤ ከጋቢናው ጀርባ ዝቅ እናደርጋለን። እኔም ስጀምር እንዲሁ ነው ያሳዩኝ።

ችግሩ ከሮቤ ወዲያ ያለው የመኪና ሚዛን ነው። እሱ ድምሩን ብቻ አያይም፤ የፊቱንና የኋላውን አክስል፣ የጎማውን ዘንግ፣ ለየብቻ ይመዝናል፤ ኋላው ከአሥር ቶን ካለፈ ይመልስሃል። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ መልሶኛል። የመኪናው ባለቤት እትዬ ጁሀራ "ሦስተኛ ከተመለስክ ቁልፉን ታስረክባለህ" ብለውኛል። የጭነት ተቆጣጣሪዋ ሳቢሪን ሳትፈርም ሮቤ ካለው ግቢያቸው መውጣትም ከዚያ ወዲህ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ሮቤ ግቢ ውስጥ ሳቢሪን ሜትር ይዛ መኪናዬን ዞረችው። ለካች፣ ጻፈች፣ ስልኳ ላይ አሰላች።

"ጋሼ፣ የኋላው በስድስት መቶ ኪሎ ያልፋል" አለችኝ። "አንዱን የስልሳ ኪሎ ኬሻ ከጫፍ አንስተው አራት ሜትር ወደ ፊት ቢያመጡት፣ በሁለቱ አክስሎች መሃል አምስት ሜትር ስላለ፣ አርባ ስምንቱ ኪሎ ወደ ፊት ጎማ ይዞራል። አሥራ ሦስት ኬሻ ይበቃል። ማሎ፣ እባክዎ ይስሙኝ።"

"እኔ የሳነቴን አምባ በጭጋግ ያቋረጥኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው! ፈርሚ!"

ተሸካሚዎቹ ሁሉ እየሰሙ ነው የጮህኩባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፈረመች።

ሚዛኑ ላይ ስወጣ የኋላው አሥር ሺህ ስድስት መቶ አለ። መዛኙ "ድምሩ ልክ ነው፤ ጭነቱን አስተካክለህ ተመለስ" አለኝ። መንገድ ዳር አቆምኩ፤ ሁለት ሰው ለምኜ አሥራ ሦስት ኬሻ ወደ ፊት አዛወርን። ለጥንቃቄ አንድ ልጨምር አልኩና ተውኩት፤ እሷ ያለችው አሥራ ሦስት ነው። እንደገና ስመዘን ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ መጣ። አለፍኩ።

ብዙም ሳልርቅ እትዬ ጁሀራ ደወሉ።

"መኪናው ከሚዛን ተመለሰ የሚሉኝ እውነት ነው? ሳቢሪን ልክ ነው ብላ ፈርማለች እኮ! ስሌት የማትችል ከሆነ ዛሬውኑ ከግቢዬ ትውጣ።"

መኪናውን ጥግ አስያዝኩ። ዝም ብል ጥፋቱ የሳቢሪን ይሆናል፤ ቁልፉ ከእኔ ጋር ይቀራል። "ልጅቷ ተሳስታ ነው" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከዚያ በራሴ አፈርኩ።

"ነግራኛለች፣ እትዬ። እኔ ነኝ ጮኼ ያስፈረምኳት። አሥራ ሦስት ኬሻ አለች፤ አሥራ ሦስት ሳዛውር አለፍኩ። ስሌቷ ልክ ነው።"

እትዬ ጁሀራ ቃላቸውን አላጠፉም።

"እንግዲያው ቡናውን አድርስ። ስትመለስ ቁልፉን ለሳቢሪን አስረክብ።"

"ቶሌ፣ እሺ" አልኳቸው።

ስልኩን ዘግቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። መኪናውን እወደዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚው እያየኝ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ቡናው መድረስ ነበረበት።