ደሳለች ያስተማረችው ጆሮ

ሸክላ ሠሪዋ ደሳለች ከእሳት የወጣ ድስት በጣቷ መታ መታ አድርጋ ሳታዳምጥ ለገዢ ሰጥታ አታውቅም። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ቀጨኔ ውስጥ አርባ ዓመት የተከበረችው፣ ልጇን ወልዱንም ኢንጂነር ያደረገችው በዚህ ጣትና በዚህ ጆሮ ነው።

ጆሮዋ መድከም ሲጀምር ሐኪሙ ማዳመጫ አዘዘላት። "ሳይረፍድ ይጠቀሙበት፤ ጆሮ ሥራ ከፈታ መስማት ይረሳል" አላት። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ልጇ ከጓደኞቹ ጋር አዲስ ጆሮ እየሠራ ምን ቆርጧት። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ፣ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች ያሉት፣ ወደፊት ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚቀበር ነገር ነው። ወልዱ "ጆሮውን የምናስተምርበት ድምፅ ያስፈልገናል እማዬ" ሲላት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ድስት እየመታች "ይሄ ደህና፣ ይሄ ስንጥቅ" አለችለት። የራሷን ጆሮ የምታሳድግ መስሏት ነበር። እሱም አላረማትም።

ዘንድሮ አጠገቧ ሆነው ካልጮኹባት አትሰማም። ሐኪሙም ማዳመጫው ከእንግዲህ እንደማይረዳት ነገራት። ደንበኞቿ ስንጥቅ ድስት እየመለሱ ነው፤ አንዷማ በሯ ላይ ወርውራው ሄደች።

ማክሰኞ ዕለት ወልዱ እንግዶች ወዳሉበት ቤተ ሙከራ ወሰዳት። ቀኑ የደረሰ መስሏት ነጠላዋን አጥባ ነበር የለበሰችው። ጆሮው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወልዱ የራሷን ድስት አቀበላትና እንድትመታው ጠቆማት። መታችው። ምንም አልሰማችም። ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ።

"ምን አለ?"

"ስንጥቅ ነው አለ" ብሎ ጆሮዋ ሥር ጮኸ። "ልክ ነው፣ እማዬ።"

"ለኔስ መቼ ነው የሚገባልኝ?"

"ሰው ላይ ለመሞከር ገና አሥር ዓመት ይፈጃል። ያኔም ለወጣቶች ነው።"

"ይህን መቼ አወቅህ?"

"ከመጀመሪያው" አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ ስለተናገረ አልሰማችውም፤ ከንፈሩን ግን አየች። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ።

አንድ እንግዳ እንዲደገምለት ጠየቀ። ወልዱ ሌላ ድስት ሲያቀብላት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

"ጆሮዬን ወስደሃል። ጣቴን ተውልኝ።"

ወልዱ ትንሽ አቀረቀረ። ከዚያ ድስቱን በራሱ ጣት መታው። አረንጓዴ በራ፤ እንግዶቹም እንደገና አጨበጨቡ።