የዊላ ክብደት

ኦሪን አውሮፕላኑ ላይ ትርፍ ነገር ማየት አይወድም። አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ የምትይዝ፣ ገላዋ በሸራ የተለበጠ ትንሽ አውሮፕላን ናት። አላስካ ውስጥ መንገድ በማይደርስበት መንደር እንደሚኖር ሰው ሁሉ እሱም ራሱ ይጠግናታል፣ ራሱ ይነዳታል። እንድትቀል ብሎ ምንጣፏን ነቅሎ ጥሏል። የኋላውን ወንበር ትራስ አውጥቶ በስስ ጨርቅ ተክቶታል። አንድ ቀን ደግሞ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ጎጇቸው በሚጭኑት ጓዝ መሀል የሚስቱን የጥርስ ብሩሽ አገኘና እጀታውን በመጋዝ ቆረጠው። ዊላ አይታ፣ "ጸጉሬስ? እሱንም ላጨኝና ይለይልህ" አለችው። እሱ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቆም ብሎ አሰበበት።

በዚያ አገር ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ሰው ክብደቱን ይጠየቃል፤ ነውር የለውም። ኦሪንም ሚስቱን በየጉዞው ይጠይቃታል።

"ዛሬ ስንት ነሽ?"

"መቶ ሠላሳ ፓውንድ" ትላለች ዊላ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሙሽራ ሳለች መቶ ሠላሳ ነበረች፤ ልጆች ወልዳ ዳሌዋ ከሰፋ በኋላም መቶ ሠላሳ ናት። ኦሪን በሆዱ ሃያ ይጨምርበትና ያሰላል። አፉን ግን አይከፍትም፤ ሞኝ አይደለማ።

ዊላ ብርዱ በጠናበት ወር ሞተች። ካንሰር ነበር፤ ሲታወቅ አልፎ ሄዷል። አስከሬኗ ተቃጥሎ የሚቀረውን አመድ ጎጇቸው በር ላይ፣ ሐይቁ ዳር እንዲበትንላት ለምናው ነበር፣ እሺ ብሏታል። ኦሪን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሐሳብ የለውም። አውሮፕላኗ በበረዶ መንሸራተቻዋ እዚያ የምታርፈው ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሳለ ብቻ ነው፤ በረዶው ደግሞ መላላት ጀምሯል። የእሱም ዓይን እየደከመ ስለሆነ የማብረር ፈቃዱ በዚሁ ዓመት ያበቃል። አሁን ካልወሰዳት መቼም አይወስዳትም።

የቀረው ዓመታዊው ፍተሻ ነበር። ባለቤቱ ብዙውን ሥራ ራሱ ቢሠራም በመጨረሻ ፈቃድ ያለው መካኒክ አይቶ መፈረም አለበት። የመንደሩ መካኒክ ዳግኒ ናት፤ እጇ ወርቅ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ፣ የዊላ የቅርብ ጓደኛ የነበረች ሴት። ሞተሩን አየች፣ ሽቦዎቹን ጎተተች፣ ሸራውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከዚያ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር ፈትታ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው።

"ይኼን ጥቁር ቀለም የለቀለቀው ማነው?"

"እኔ ነኝ። ምነው፣ አላማረም?"

"ቁርጥ አንተን።"

ፕሮፔለሩን ኦሪን ሐይቁ በረዶ በሆነ ሰሞን ከአንድ መንገደኛ ነበር የገዛው፤ በገዛው ዕለትም የፀሐይ ነጸብራቅ ዓይኑን እንዳይወጋው ብሎ ቀባው። ዳግኒ መሀሉ ላይ ያለውን ቀለም በጨርቅ ፈግፍጋ ከሥሩ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበች። ደግማ አነበበች።

"ሰውየው ምን ብሎ ነው የሸጠልህ?"

"ከመሬት ቶሎ የሚያስነሣ ነው ብሎ። እውነቱን ነው።"

"ሸውዶሃል። ይኼ ለረጅም መንገድ የሚሆን ነው። አየር ላይ ያፈጥንሃል እንጂ ስትነሣ ያዘገይሃል። ለመነሣትማ አሮጌው ይሻልህ ነበር።"

"ሂጂ ወዲያ! የገጠምኩት ዕለት እኮ ዊላን ከኋላ ጭኜ፣ ስንቃችንን ይዤ፣ ሜዳው ዳር ያለው ቀዩ በርሜል ጋ ሳልደርስ ነው የተነሣሁት። ድሮ በርሜሉን ሳላልፍ ተነሥቼ አላውቅም። ታዲያ ምን አነሣኝ? መልአክ?"

ዳግኒ አልሳቀችም።

"ሌላ ያወጣኸው ነገር ነበር?"

"ምንም። የሚወጣ ምን ቀርቶ?"

"ስንቁስ ከወትሮው አንሶ ነበር?"

"ያው ነው።"

"ታዲያ ምን ቀለለ፣ ኦሪን?"

ኦሪን ዓይኑን ከፕሮፔለሩ አንሥቶ ወደ ኋላ ወንበሩ አዞረ።

ያን ዕለት አውሮፕላኗ ከመሬት ስትላቀቅ በደስታ ጮኋል። ሐይቁ ላይ አርፈው ሲወርዱ ፕሮፔለሩን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አድርጎ፣ "አየሽው?" አላት። ዊላ በዚያ ወፍራም ካፖርቷ ውስጥ ሆና መጣችና እሷም በጓንቷ ነካ አደረገችው። "ጥሩ ፕሮፔለር ነው" አለች። ከዚያ እሱን ረጅም ጊዜ አየችው። እሱ ግን እራት ላይም ስለ ፕሮፔለሩ ሲያወራ አመሸ፤ ሾርባዋ ፊቷ ቀዝቅዞ ተነሣ።

በየቀኑ ስለሚያያት መክሳቷ አልታየውም ነበር፤ ይኼስ በማንም ይደርሳል። ነገር ግን እሱ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ሳይቀር የሚመዝን ሰው ነው። አውሮፕላኗ ነግራዋለች። በመቀመጫው፣ በእጁ ነግራዋለች፤ እሱ ምስጋናውን ለብረት ሰጠ። ኦሪንን እፍረት ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው።

"ዊላ መታመሟን ታውቅ ነበር" አለ።

"ታውቅ ነበር። ብትነግርህ ያኔውኑ ከተማ ሐኪም ቤት ትወስዳት ነበራ። ሐይቁን መች ታይ ነበር?"

"እወስዳት ነበር እንጂ! ትድን ነበር እኮ!"

"ምናልባት" አለች ዳግኒ። ልትዋሽለት ብትችል ደስ ባላት።

ከዚያ፣ "አሮጌውን ልግጠምልህ?" አለችው።

"አይ። ይኼንኑ መልሺልኝ።"

መለሰችለት፣ ፈረመችም።

በማግስቱ ጠዋት ኦሪን አመዷ ያለባትን ሳጥን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ በቀበቶ አሰራት። እጁ ቀበቶውን ሲያጠብቅ አፉ ከልማዱ፣ "ዛሬ ስንት ነሽ?" አለ።

ቀበቶውን መልሶ ፈታ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄዶ፣ ደረጃ እንዳያንሸራትት የሚበትነውን አሸዋ በጆንያ እየሞላ ዓሣ በሚመዝንበት ሚዛን ሰቀለ። መቶ ሠላሳ እስኪሞላ መዘነ። ምንጣፍ የነቀለው፣ ትራስ ያወጣው ሰው አሸዋውን ተሸክሞ በሚስቱ ወንበር ላይ ጫነና ሳጥኗን ከላይ አድርጎ አጥብቆ አሰረው።

ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ሰጣት። አውሮፕላኗ በበረዶው ላይ መሮጥ ጀመረች። ቀዩ በርሜል መጣ፤ መንሸራተቻዎቹ ከመሬት አልተላቀቁም። በርሜሉ ወደ ኋላ ቀረ። የሜዳው ጫፍ ያሉት ጥዶች እየቀረቡ መጡ፣ እሷ ገና ትንገጫገጫለች። እጁ ላይ ከብዳ፣ ከብዳ፣ በመጨረሻ ተነሣች።

እንግዲህ ያኔ፣ ፕሮፔለሩን በገጠመ ዕለት፣ ዊላ "መቶ ሠላሳ" ብትለውም መቶ ሠላሳ አልነበረችም፤ ከዚያ በጣም ታንስ ነበር። ዕድሜ ልኳን ቀንሳ ስትዋሸው የኖረች ሴት፣ በመጨረሻው ጉዞ ጨምራ ዋሸችው።

ኦሪን የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ሐይቁ አዞረ።

"ጥሩ ፕሮፔለር ነው" አለ፣ ከኋላ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ከዚያ አለቀሰ።