ነጩ ውሃ

የጉድጓዳችን ውሃ ሳሙና ይጠላል። አንድ ሙሉ ሳሙና ብትጨርሱበትም አረፋ አያወጣም፤ ማንቆርቆሪያውን በነጭ ቅርፊት ይደፍነዋል፤ ሲጠጡት ኖራ ኖራ ይላል። ይህን ውሃ ወዶ የሚኖር ነገር ካለ፣ ባሌ ገብረትንሣኤ ጥሎብኝ የሞተው የዓሣ ገንዳ ብቻ ነው።

ገንዳውን የሰጠው አሠሪው የነበረው ግሪካዊ ነው። ሱቁ ሲወረስ አገሩ ሊገባ ተነሳና፣ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለውን ሰው አንድ የመስታወት ሳጥን ከነዓሣው አሸክሞት ሄደ። ስጦታ ተብዬ! በቧንቧ ውሃ ያደጉት ስስ ቅጠሎች የእኛን ጉድጓድ ሲቀምሱ ቢጫ እየሆኑ ቀለጡ። የተረፈው እንደ ጥብጣብ የሚረዝም አንድ ሣር ነው። እሱ ግን ኖራው ተስማማውና ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ጭራቸው የሚውለበለብ ትናንሾቹ ዓሦችም ተመቻቸውና ይወልዱ ጀመር። እናቶቹ የወለዱትን መልሰው ስለሚበሉ፣ ጫጩቶቹን በማርማላታ ብርጭቆ ለይቼ ማሳደግ የእኔ ሥራ ሆነ። እያማረርኩ እሠራዋለሁ።

ገንዳው የተቀመጠው ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለው መስኮታችን ላይ ነው። በላዩ አምፖል አለው። ሲመሽ ሳበራው አረንጓዴው ሣር ከማዶ፣ ከተዘጋው ልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ድረስ ይታያል። ይህን ያስተዋለው ልጄ ፍስሃ ነው። ፍስሃ ስድስት ኪሎ ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ መታፈስ ሲጀምሩ ከቤት ወጣ። የት እንደሚያድር አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የማላውቀውን ቢገርፉኝም ልናገር አልችልም። ቅዳሜ ሲመሽ ብቻ ብቅ ይልና፣ እህል ቀምሶ ልብስ ቀይሮ ይሄዳል።

«እማ፣ ሣሩ ከታየኝ እገባለሁ። ካልታየኝ ዝም ብዬ አልፋለሁ» አለኝ አንድ ቀን።

ስምምነታችን ይኸው ነበር። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው ያለ አልመሰለኝም።

ጊዜው ሬሳ በየመንገዱ እየተጣለ ማልቀስ እንኳ የሚከለከልበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ፣ እሸቴ፣ ሐድጉ የሚባል ጠመንጃ ያነገበ ጠባቂ አስከትሎ ገባ። ፍራሽ ቀደዱ፣ ሣጥን ገለበጡ፣ የሽሮዬን ዕቃ ሳይቀር በእጃቸው አማሰሉት። ልጄን ሲያጡት እሸቴ ወንበር ስቦ ገንዳው አጠገብ ተቀመጠ።

«እትዬ የሺ፣ ይህ መብራት ሁልጊዜ ሲመሽ ይበራል አሉኝ።»

«ዓሣ በጨለማ አይታይማ» አልኩት።

ሳቀ። ጥርሱ የሚያምር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ልጅ ነው። «እንግዲያው ዛሬም ይበራል። መጋረጃውም ክፍት ይሁን። ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው፤ ልጅዎ ሲመጣ ቤቱ እንግዳ እንዳይሆንበት።» ሐድጉን በር ላይ አስቀምጦ፣ ሲመሽ እንደሚመለስ ነግሮን ወጣ።

ፈራሁ። አምፖሉን ብሰብር ሐድጉ ይጮሃል። ከደጅ ብወጣ ይከተለኛል። ልጄ በእግሩ መጥቶ በገዛ መስኮቴ ብርሃን ሊያዝ ነው።

ማድ ቤት ገብቼ ስቆም ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ካለው የልብስ ሶዳ አረፈ። በጉድጓድ ውሃ የምታጥብ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ዱቄቱን ውሃው ላይ ስትነሰንሺው ኖራው ይቆጣና ውሃው ወተት ይመስላል። ብዙ ቆይቶ ሲዘቅጥ ከላዩ ቀድተሽ ታጥቢበታለሽ። እስኪዘቅጥ ግን እጅሽን ብትከቺበት አይታይሽም።

«ሐድጉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ እቀይርላቸዋለሁ» አልኩ ባልዲ ይዤ።

«እንደ ወትሮው ከሆነ ይቀይሩ» አለ፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

ቀዳሁ፤ ቀነስኩ፤ ጨመርኩ። ባልዲውን ሳዘነብል በመዳፌ የጨበጥኩትን ሶዳ ውሃው ውስጥ ለቀቅሁት። ደጋገምኩት። መጀመሪያ ጭስ የመሰለ ነገር በሣሩ መሃል ተጠመዘዘ፤ ከዚያ ገንዳው በሙሉ ነጣ። ዓሦቹ ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን ከፈቱ። አንድ በአንድ በጎናቸው ተኙ። ስረግማቸው የኖርኩትን ፍጥረቶች ለካ እወዳቸው ኖሯል።

«ምን ሆነ?» አለ ሐድጉ።

«የጉድጓዱ ደለል ነው። ይጠራል።»

ሲመሽ መብራቱን አበራሁ፣ እንደ ወትሮው። መስኮቱ ላይ ነጭ ነገር ብቻ ይታያል። ከማዶ፣ በልብስ ሰፊው በረንዳ ሥር፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። አስተሳሰሩን አውቀዋለሁ፤ ክሩን ሁለት ጊዜ ማዞር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቀና አለ፣ አየ፣ ወደ ድልድዩ ወረደ። ልጄ አመለጠ። ደስታዬ በፊቴ እንዳይታወቅ ምድጃ ላይ አቀረቀርኩ።

እሸቴ ሲመለስ ሞተው የተንሳፈፉትን ዓሦች ቆሞ ተመለከተ። ሁለት ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረና አሻሸው። አሸተተው።

«ሶዳ» አለ።

እኔ ምድጃውን መቆስቆስ ያዝኩ።

«እናቴ ውቤ በረሃ ላሉ ሴቶች ልብስ አጣቢ ነበረች። እንዲህ ባለ የጉድጓድ ውሃ ነበር የምታጥበው። ሶዳው ጣቶቿን በልቷቸው ነበር። በጨለማ ፊቴን ስትዳብሰኝ እንኳ እጇን ከማንም ሴት እጅ እለየው ነበር።» ጣቱን በመሀረብ ጠረገ። «ከመንገድ የሚያይ ሰው አለ ማለት ነው። ውሃውን ያጥሩት፣ እትዬ የሺ።»

አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«የጉድጓድ ውሃ በርሜል ውስጥ ሳይውል ሳያድር ገንዳው ውስጥ ከገባ ዓሣ ይገድላል» አልኩ፣ ጊዜ ልገዛ።

«ይዋል ይደር። እኛ አንቸኩልም።»

እሑድ ሐድጉ ውሃ ሲቀዳ እሸቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ነጭ ዱቄት የለበሰውን ሣር ቅጠል በቅጠል በጨርቅ ጠረገ። እንደ ሕፃን ፊት ነበር በቀስታ የሚጠርገው። «እንዲህ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም «እንዲያ ነው» እላለሁ። የቀረውን ሶዳ ጓሮ ወስዶ ደፋው። ሰኞ ረፋዱ ላይ ውሃውን ሞላን፤ በማርማላታ ብርጭቆ የተረፉትን ጫጩቶች ለቀቅንበት። ሲመሽ መብራቱን ራሱ አበራው። ገንዳው እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

ይጠብቁ አልኩ በልቤ። ልጄ አይቶ አልፏል፤ ሌላ ማን ይመጣል? ነጭ ሆኖ ስለሚጠራ ውሃ ግን ከፍስሃ ጋር ተነጋግረን አናውቅም። እናቴ ምን ሆነች ብሎ ሊጨነቅ እንደሚችል፣ ተጨንቆም ሰው ሊልክ እንደሚችል አላሰብኩም።

በሩ ተንኳኳ። ሐድጉ ከፈተው።

እፀገነት ነበረች፤ የፍስሃ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቤቴ የበላች፣ ብትሆንልኝ ብዬ የምመኛት ምራት። ዓይኗ መጀመሪያ ገንዳው ላይ፣ ቀጥሎ ጠመንጃው ላይ አረፈ። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

«ልብሱን ልትወስጂ ነው?» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ምነው ዘገየሽ? ጓሮ ተከምሯል፣ ግቢና ውሰጂ።»

ጎበዝ ልጅ ናት። «ይቅርታ እትዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ወደ ጓሮ በር አመራች።

«ቆይ» አለ እሸቴ። «አጣቢዋ ነሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«በዚህ በጉድጓድ ውሃ?»

«በእሱ ነው።»

«ሶዳ ትጠቀሚያለሽ?»

«ያለ ሶዳማ አይለቅም።» ከዚያ፣ አወይ ልጄ፣ ነገሩን ልታጠብቅ ብላ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ ነው» አለች።

እሸቴ ከወንበሩ ተነሳ። መብራቱ ደህና ወደሚያሳይበት፣ ወደ ገንዳው አጠገብ በትህትና አስጠጋት።

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አላት።

ዘረጋችለት። ጫጩቶቹ ከመስታወቱ ጀርባ በሣሩ መሃል ይርመሰመሳሉ። ከእስክሪብቶ በቀር ምንም ያልነካቸው፣ ለስላሳ፣ ቀጫጭን ጣቶች ነበሩ። እሸቴ በመዳፉ ይዞ ብዙ አያቸው። ከዚያ ሐድጉን ጠራው።